ሐኪም የከለከላት ውሃ

ድሬዳዋ ላይ ከቀኑ ስድስት ሰዓት በኋላ መንገድ ላይ የሚገኝ ሰው ወይ የማይታለፍ ጉዳይ አለበት፣ ወይ ፀሐዩ ጭንቅላቱን ነክቶታል። እኔ የወጣሁት የደም ግፊት መድኃኒቴ አልቆብኝ ነው። የሰፈራችን የሳቢያን ባጃጅ ተራ ባዶ ነበር፤ ባጃጆቹ ሁሉ ቤንዚን ሰልፍ ላይ ናቸው ተባልኩ። ማንን እንደምረግም እየመረጥኩ ከኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር ገባሁ።

አቶ ገብረወልድ ቀድመውኝ እዚያ ተቀምጠዋል። የሰፈራችን እድር ዳኛ ናቸው። የሥራ ዘመናቸውን በምድር ባቡር ጨርሰው ጡረታ ከወጡ ወዲህ የተጣላ ማስታረቅ፣ የታመመ መጠየቅና የሞተ መቅበር ሥራቸው ሆኗል። ሸሚዛቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው፤ ቃላቸውም እንደዚያው አይጨማደድም። እንዲህ ያለ የተከበረ ሰው ሲሳሳት ማረሙ ምን ያህል እንደሚያስቸግር አንባቢ ይገምት።

"መምህር፣ በጥሩ ጊዜ መጡ" አሉኝ ቦታ እየለቀቁልኝ። "ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ የኔነሽን ልንጠይቅ ነው። እርስዎም ቢኖሩ ደስ ይለኛል። ወሬውን መቼም ሰምተዋል።"

ሰምቻለሁ። ወይዘሮ የኔነሽ የባቡር ነጂ ሚስት የነበሩ፣ ልጅ ያልወለዱ የሰፈራችን ባልቴት ናቸው። ስትሮክ መትቷቸው ግማሽ አካላቸውና ምላሳቸው አልታዘዝ ካለ ወዲህ የሚጦራቸው የወንድማቸው ልጅ ናሁሰናይ ነው። ናሁሰናይ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ የፈረቃ ተቆጣጣሪ ሲሆን፣ ሰላምታው የሞቀ፣ ድንኳን ሲተከል ቀድሞ እጅጌውን የሚሰበስብ ጎልማሳ ነው። ወሬው ግን "ይመታቸዋል፤ ቆልፎባቸው ይሄዳል" የሚል ነበር።

"ታዲያ ምን ሊያደርጉ አስበዋል?" አልኳቸው።

"ምን አደርጋለሁ? 'ሽማግሌ ይዤ እመጣለሁ' ብዬ ጠዋት ደውዬለታለሁ። ሁለቱን ፊት ለፊት እናስቀምጣለን። ጥፋት ካለ ጉልበቷን ስሞ ይቅርታ ይጠይቃል፤ እሷም አሳዳጊው ናት፣ ትምረዋለች። የቤት ገመና ቤት ውስጥ ሲያልቅ ነው የሚያምረው።"

"አዴር፣ ምን አሉ? ደወሉለት?"

ሁለታችንም ዞር አልን። ጥላ የያዘች፣ ላቧ ከሻሿ ሥር የሚወርድ ወጣት ቆማለች። ፊልሳን ናት፤ የባለሱቋ የሀዎ ልጅ፣ ዛሬ የጤና ጣቢያ ነርስ። ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ፤ ያኔም ጥያቄ አታቆምም ነበር። አቶ ገብረወልድን ከልጅነቷ ጀምሮ በሶማሊኛ "አዴር"፣ አጎቴ፣ ብላ ነው የምትጠራቸው። ዛሬ ግን ድምፅዋ ውስጥ የአክብሮት ያህል ፍርሃት ነበረበት።

"ደወልኩለት ልጄ" አሉ አቶ ገብረወልድ። "ሰው ቤት እንደ ሌባ በድንገት አይገባም። አባወራው ቤቱን ያሰናዳል፣ በሽተኛዋም ትታጠባለች፣ ትለብሳለች። ይህ ክብር ነው።"

"የምፈራው እሱኑ ነው! ታጥበው፣ ለብሰው፣ ትራስ ተደግፈው ነው የሚያገኟቸው። እስከ ዛሬስ እንደዚያ አይደል ያገኟቸው?"

"እንደዚያ ነው። ነጭ ነጠላ ለብሳ፣ ፀጉሯ ተጎንጉኖ። ወሬውን ማመን የከበደኝም ለዚህ ነው።"

"ሳይናገሩ ሄደው ያውቃሉ?"

"ምን በወጣኝ!" አሉ ቆጣ ብለው። ከዚያ ግን ቃሉ ለራሳቸውም እንዳልጣማቸው ሁሉ መሬት መሬት ያዩ ጀመር።

ፊልሳን ፋታ አልሰጠቻቸውም። "ባለፈው ጊዜ 'ይመታሻል ወይ?' ብለው ጠይቀዋቸው ነበር አሉ።"

"ጠይቄያታለሁ። በሽማግሌ ፊት፣ በግልጽ። ራሷን ነቀነቀች፤ የለም አለች።"

"ናሁሰናይ የት ነበር?"

"አጠገቧ። ትራሷን ደግፎ ይዞላት።"

"እናንተ ስትወጡ አብሯቸው የሚቀረው እሱ ነው፤ በሩንም የሚዘጋው እሱ ነው። እጁ ትራሳቸው ላይ እያለ ምን እንዲሉ ነው የፈለጉት? አቦ፣ እኔስ ብሆን ይመታኛል እላለሁ?"

እዚህ ላይ እኔም ጣልቃ ልገባ ፈልጌ ነበር፤ ተውኩት። እኛ ሽማግሌዎች ጥያቄ ስንጠይቅ መልሱ ያለው በአፍ ውስጥ ብቻ ይመስለናል። ተጠያቂዋ ማንን እያየች እንደምትመልስ ልብ አንልም። ያን ጊዜ ብናገረው ግን ጠቡን ወደ ራሴ መጎተት ብቻ ይሆን ነበር።

"ስሚኝ ፊልሳን" አሉ አቶ ገብረወልድ ከዘራቸውን መሬት ላይ እየተከሉ። "ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባላል።"

"ባለቤቱ እማማ የኔነሽ ናቸው፤ አንደበታቸው ተይዞ በምን ይጩኹ?"

"እሺ ይሁን። ግን እናንተ የቢሮ ሰዎች ትመጣላችሁ፣ ትጽፋላችሁ፣ ትሄዳላችሁ። ፖሊስ ልጁን ሲወስደው ሌሊት የሚያገላብጣት ማን ነው? ገንፎዋን የሚያጎርሳት ማን ነው? አንዱን በደል ታስቆሙና ሜዳ ላይ ትጥሏታላችሁ። ይህን አይቻለሁ። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም።"

ፊልሳን ይህን ስትሰማ ትቆጣለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ጥላዋን አጥፋ ከጎናቸው ተቀመጠች።

"እውነትዎን ነው" አለች። "ብቻዬን ባቦካው ለእራት አይበቃም። እኔ ቁስል አጥባለሁ እንጂ ቤት አላስከፍትም። ፖሊስ ቤት ያስከፍታል እንጂ አያስታምምም። የቀበሌያችን የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ስምረት ተንከባካቢ ትፈልጋለች፤ ሰፈሩን ግን እንደ እናንተ አታውቀውም። ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡት ጠበቆች ክስ ይይዛሉ፤ ጎረቤት ካልመሰከረ ግን ክሱ ባዶ ነው። ስለዚህ ነው በቀበሌው የማኅበረሰብ ክብካቤ ጥምረት አብረን የምንቀመጠው። እድሩንም ጠርተን ነበር።"

"ተጠርቻለሁ" አሉ አቶ ገብረወልድ። "የወሬ ስብሰባ መስሎኝ ቀረሁ።"

"ስምረትና አብራን የምትሠራ ፖሊስ ዛሬ ከምሳ በኋላ፣ እሱ ሥራ ላይ ሳለ ሊሄዱ ነበር። አሁን ግን እርስዎ ደወሉለት። አንድ ነገር እንደተጠረጠረ ዐውቋል ማለት ነው። እባክዎ አዴር፣ ይደውሉና ቀርቷል ይበሉት።"

"ቃሌን አላጥፍም!" ከዘራው ጥላው ውስጥ ተወዛወዘ። "ደግሞ ያንን ልጅ ጨካኝ አድርጋችሁ አትሳሉት። ጥንቁቅ ነው። ባለፈው አምቦ ውሃ ሲያቀርብልን የኔነሽ በደህናው እጇ ብርጭቆዬን ያዘች። ላጠጣት ስል 'ጋሼ፣ ሐኪም ውሃ ከልክሏታል' ብሎ ፈጥኖ አስጣለኝ። እንግዳ ፊት እንኳ የሐኪም ትእዛዝ የማይዘነጋ ሰው ነው እንግዲህ!"

ፊልሳን ወደ እሳቸው ዞረች። ፊቷ ላይ ያለው ላብ እንኳ የቆመ መሰለኝ።

"የትኛው ሐኪም?" አለች ቀስ ብላ።

"እኔ ምን ዐውቃለሁ? የእናንተው ሐኪም።"

"አዴር፣ የታካሚ ነገር መንገድ ላይ አይወራም፤ ቃል ገብቼበታለሁ። ሕይወት ሊያልፍ ሲል ግን የምታስፈልገዋን ያህል ለሚመለከተው ሰው መናገር ግዴታዬ ነው። መምህርም ይስሙኝ፣ ከዚህ እንዳይወጣ። ለእማማ የኔነሽ ውሃ የከለከለ ሐኪም የለም። 'ብዙ ያጠጧቸው' ነው ያልነው። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ ሲያመጣቸው ለእኛ የነገረን 'እኔ እሰጣለሁ፣ እሷ እንቢ ትላለች' ብሎ ነው።"

"እንቢ ትላለች?" አሉ አቶ ገብረወልድ። "ብርጭቆዬን እኮ ነጥቃኝ ነበር!"

"ስምረት ሄዳ በሩ ተቆልፎ ስታገኘው ደግሞ 'ጭሮ ዘመድ ጋ ሄዳለች' አላት። ለእርስዎ ሐኪም ከለከላት፣ ለእኛ እሷ እንቢ አለች፣ ለስምረት ቤት የለችም። ወላሂ፣ ሁላችንም አመንነው። ለየብቻ ስለያዝነው አመንነው።"

አቶ ገብረወልድ ከዘራቸውን ዛፉ ላይ አስደገፉ። ሲናገሩ ድምፃቸው የሽማግሌ ሳይሆን የልጅ ይመስል ነበር።

"ለምን? ውሃ እኮ ነው። ውሃ ለምን ይከለክላታል?"

"ውሃ የጠጣ ሰው ይሸናል፣ አዴር። የሸና ሰው ደግሞ አንሶላው ይታጠባል።"

በሕይወቴ ብዙ ክፉ ነገር ሰምቻለሁ፤ እንደዚህ ያለ ትንሽ ክፋት ግን ሰምቼ አላውቅም። በድሬ ሐሩር፣ በቆርቆሮ ጣራ ሥር፣ ማጠብን ለመሸሽ ሲባል ሰውን ማስጠማት! ከዚህ በላይ የሚያንገበግብ ደግሞ ይህን ሁሉ ያደረገው ሰው በሰላምታው የተመሰገነ መሆኑ ነው። አቶ ገብረወልድ ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው ያዩት ጀመር፤ ብርጭቆውን መልሰው ጠረጴዛ ላይ ያኖሩበትን እጅ።

የፊልሳን ስልክ ጮኸ። እናቷ ሀዎ ናት፤ ሱቋ ከወይዘሮ የኔነሽ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። ድምፅዋ ከስልኩ አልፎ ለእኛም ይሰማ ነበር።

"ፊልሳን፣ ከጠዋት ጀምሮ ግድግዳውን ትመታ ነበር። አሁን ዝም አለች። ብጠራት ብጠራት የለም!"

"መጣሁ ሆዮ"፣ እናቴ፣ ብላ ፊልሳን ስልኩን ዘጋችና ወዲያው ለስምረት ደወለች። ባጃጅ የለም። በእግራችን ተጣደፍን። አቶ ገብረወልድ ከዘራቸውን ረስተውት ተነስተው ነበር፤ እኔ ይዤላቸው ተከተልኩ። እየተራመዱ ፊልሳንን ጠየቋት።

"እኔ ምን ላድርግ? ንገሪኝ።"

"በሩ ላይ ይቁሙ። ሰፈሩ እርስዎን ሲያይ ግርግር አይፈጥርም። ናሁሰናይ ከመጣም እርስዎን ያልፋል ብዬ አላስብም። እማማን የምናነጋግራቸው ብቻቸውን ነው።"

"እኔስ?"

"እርስዎም አይገቡም አዴር። ሽማግሌ ፊት ያፍራሉ።"

ይህን የሰሙት የእድር ዳኛ "እሺ" አሉ። እኔ ያን "እሺ" እንደ ቀላል አላየሁትም።

ስንደርስ ስምረት ከአንዲት ሴት ፖሊስ ጋር በቀበሌው መኪና ደርሳለች። በሩ ከውጭ በትልቅ ቁልፍ ተቆልፏል። ፖሊሷ አንኳኳች፣ በስማቸው ጠራች፣ ጆሮዋን በሩ ላይ አስጠጋች። መልስ የለም። "ሕይወት አደጋ ላይ ነው፤ ምስክር ሁኑ" አለችና ከሀዎ ሱቅ ባመጣችው መዶሻ ቁልፉን ሰበረችው።

በሩ ሲከፈት የወጣው ሙቀት እኔ ከቆምኩበት ድረስ ፊቴን መታኝ። ወይዘሮ የኔነሽ በላስቲክ በተሸፈነ ፍራሽ ላይ ግድግዳው ሥር ተጋድመዋል። የግድግዳው ኖራ በእጃቸው ከፍታ ልክ ተፍቋል። የውሃው ጀሪካን በወዲያኛው ጥግ፣ እጃቸው ከማይደርስበት ቆሟል። ከፍራሹ በላይ ደግሞ ተተኩሶ የተሰቀለ ነጭ ነጠላ አለ፤ ለእኛ ለጠያቂዎቹ የሚለበሰው።

"ቢዮ! ውሃ ስጧት!" እያለች ሀዎ ማሰሮ ሙሉ ውሃ ይዛ ሮጠች።

"በማንኪያ ሆዮ፣ ቀስ እያልን፤ ያንቃቸዋል" አለች ፊልሳን ተንበርክካ። የመጀመሪያው ማንኪያ ከከንፈራቸው ጎን ፈሰሰ። ሁለተኛውም ፈሰሰ። በሦስተኛው ጉሮሯቸው ተንቀሳቀሰ። አቶ ገብረወልድ ከደጃፉ ላይ ይህን አይተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ስምረት ሁላችንንም አስወጥታ በሩን ገርበብ አደረገችው። አምቡላንስ ተጠርቷል። ያኔ ነው ናሁሰናይ ከሥራ አስፈቅዶ፣ አዲስ ሳሙና በፌስታል ይዞ የመጣው፤ ከአሥር ሰዓት በፊት ሊያጥባቸው። ፖሊሷን ሲያይ ፌስታሉ ከእጁ ወደቀ። ቀጥ ብሎ አቶ ገብረወልድ እግር ላይ ተደፋ።

"ጋሼ፣ በእግዚአብሔር! ገመናዬን ይሸፍኑልኝ። ጉልበቷን እስማለሁ፣ የፈለጉትን ይቅጡኝ፣ ብቻ ከሰው በታች አያድርጉኝ!"

ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ያያል። ያረጀው ልማዳችን በዚያች ደቂቃ ተፈተነ። የወደቀ ሰው ማንሳት፣ እግር ላይ የተደፋን መማር፣ ሽማግሌ የተባለ ሁሉ የተማረው ይህንኑ ነው። አቶ ገብረወልድ እጃቸውን ወደ ናሁሰናይ ራስ ዘረጉ፣ መልሰውም ሰበሰቡት።

"ልጄ፣ ያንተን ገመና ስሸፍን እሷን ነው ያጋለጥኩት።"

"ጋሼ፣ ሌሊት ሠርቼ ስገባ አልጋው ርሷል፤ ስተኛ ታቃስታለች፤ ማንም አንድ ቀን አላገዘኝም!"

"ደከመኝ አላልከንም።"

"ብያችሁ ኖሮ ምን ትሉኝ ነበር? 'አሳዳጊውን መጦር አቃተው' ነበር የምትሉኝ!"

አቶ ገብረወልድ ዐይናቸውን ጨፈኑ። "ልክ ነህ፤ እንደዚያ ነበር የምንልህ። ያንን ጥፋት እድሩ ይወስዳል፤ እኔም እወስዳለሁ። መቆለፉንና ማስጠማቱን ግን አንተ ትወስዳለህ። ለእሱ ሽማግሌ አልሆንህም። ተነስ፤ ለጠየቁህ ሁሉ እውነቱን ተናገር። አንድ ጊዜ እንኳ፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት ቃል።"

ናሁሰናይ ተነስቶ ከፖሊሷ ጋር ሄደ። ስምረት ከውስጥ ስትወጣ ዐይኖቿ ቀልተዋል።

"ምን አለች?" አሉ አቶ ገብረወልድ።

"በብዙ ትግል ነው የተናገሩት። እንደሚመታቸው ነግረውናል፤ ጊዜ ሰጥተን ደጋግመን ጠየቅናቸው። ከቤታቸው መውጣት አይፈልጉም። 'እኔ ልቅር፣ ቁልፉ ይውጣ' ነው ያሉት።"

እንግዲህ የመጣውን ለውጥ ልናገር፤ አቶ ገብረወልድ የፈሩት እንዳልደረሰም አንባቢ ይወቅ። ወይዘሮ የኔነሽ ሆስፒታል ሰንብተው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ስምረት ቀን ቀን የምትውል ተንከባካቢ አገኘችላቸው። ሌሊት ሌሊት የእድሩ ሴቶችና ሀዎ ተራ ገቡ። ፊልሳን ቤት ለቤት ትከታተላቸዋለች። ጠበቆቹ ናሁሰናይ በስማቸው የያዘውን ውክልና አሰርዘው ጉዳዩን ፍርድ ቤት አደረሱት። የአንዱ ሥራ ሲጎድል የሚያውቀው ሌላው ስለሆነ፣ እንደ ድሮው "አንተ ያየኸው መስሎኝ" የለም።

እድሩም ደንብ አወጣ። ያወጡት ራሳቸው አቶ ገብረወልድ ናቸው፤ በጉባኤ ቆመው እንዲህ አሉ። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው እያልን ስንተርት ኖረናል፤ የኔነሽን ግን ለአንድ ሰው አሸክመን ዘወር አልን። ከእንግዲህ የአልጋ ቁራኛ የሆነ ሰው ሲጠየቅ አስቀድሞ መልእክት አይላክም። አንዱ ጠያቂ ከአስታማሚው ጋር ሲጨዋወት ሌላው በሽተኛውን ብቻውን ያነጋግራል። አስታማሚውንም 'ደከመህ ወይ?' ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ደከመኝ ያለም አይታማም። የሰማነውን ክፉ ነገር ለጥምረቱ እናደርሳለን፤ በየጓዳው አናወራም። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ።" አንድ አዛውንት "መልእክት ሳይልኩ መሄድ ብልግና አይሆንም ወይ?" ብለው ጠየቁ። "ይሁን፤ ብልግናው በእኔ ይቆጠር" አሉ አቶ ገብረወልድ።

በቅርቡ እኔና እሳቸው ወይዘሮ የኔነሽን ልንጠይቅ ሄድን፤ በደንቡ መሠረት ሳንናገር። ነጭ ነጠላ አልለበሱም። ያረጀ የቤት ቀሚስ ለብሰው፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ሀዎ በግማሽ አማርኛ በግማሽ ሶማሊኛ ስትጨቀጭቃቸው በእጃቸው ምልክት ይመልሱላታል። ሀዎ ውሃ ቀድታ ስታቀርብ አቶ ገብረወልድ የራሳቸውን ብርጭቆ አንስተው ወደ ባልቴቷ ዘረጉ።

ወይዘሮ የኔነሽ አልጠጡም። መጀመሪያ በሩን አዩ፤ ከዚያ ትራሳቸው አጠገብ ያለውን ባዶ ወንበር አዩ። አቶ ገብረወልድ ብርጭቆውን እንደያዙ ጠበቁ።

"ማንም አልከለከለሽም፣ የኔነሽ። ጠጪ" አሉ።

ባልቴቷ ብርጭቆውን በደህናው እጃቸው ያዙና እስከ ታች ጨለጡት። አፋቸውን በቀሚሳቸው ጫፍ ጠርገው ባዶውን ብርጭቆ መለሱላቸው። ቃሉን እስኪያወጡት ከምላሳቸው ጋር ታገሉ።

"ድገመኝ" አሉ።